የመራጮች መነቃቃትና የፓርቲ ክፍፍል በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ሁለት ጉዳዮች ከሁሉ ቀድመው ይነሳሉ፤ የየትኛው ዕጩ ደጋፊ የበለጠ ተነሳስቷል የሚለውና የትኛው ፓርቲ እርስ በርሱ ተከፋፍሏል የሚለው። ሁለቱም ውጤትን የመለወጥ ኃይል አላቸው፤ የሚለውጡበት መንገድ ግን በስብሰባ አዳራሽና በቴሌቪዥን ክርክር ከሚታየው የተለየ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በተመዘገቡ የምርጫ ውጤቶች ላይ የተመሠረቱ ሲሆን፣ ዓ.ም. ከሚል በስተቀር ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመራጭ መነቃቃት የሚባለው ምንድን ነው? በምንስ ይለካል?

መነቃቃት መራጩ ለዕጩው ካለው ፍቅር ይልቅ፣ ለዚያ ዕጩ ሲል ጊዜውን፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን ለማውጣት ያለውን ፈቃደኝነት ያመለክታል። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስቡ ድርጅቶች መራጩን ድምፅ ለመስጠት ምን ያህል እንደጓጓ ይጠይቁታል፤ የምርጫ ዘመቻ ቡድኖች ደግሞ አነስተኛ ገንዘብ የሚለግሱ ሰዎችን፣ ቤት ለቤት የሚቀሰቅሱ በጎ ፈቃደኞችንና ወደ አዳራሽ የሚመጣውን ሕዝብ ይቆጥራሉ። እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። እርግጠኛው መለኪያ ድምፅ የሰጠው ሰው ቁጥር ነው፤ እርሱ ደግሞ የሚታወቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በ2020 ድምፅ የመስጠት መብት ካላቸው ዜጎች መካከል 66 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ድምፅ ሰጥተዋል፤ ይህም ከ1900 ወዲህ ያልታየ ተሳትፎ ነበር። በ2024 ቁጥሩ ወደ 64 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት የ2014 የምክር ቤት ምርጫ ግን የተሳተፈው ከ37 በመቶ አይበልጥም። በሌላ አነጋገር፣ አገሪቱ ከመቶ ዓመት በላይ ባላየችው የመነቃቃት ዓመት እንኳ ከሦስት ዜጎች አንዱ አልመረጠም። ለዚህ አንዱ ምክንያት አሠራሩ ነው፤ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ዜጋው ራሱ ቀድሞ መመዝገብ አለበት፣ ድምፅ መስጠት ግዴታ አይደለም፣ ምርጫው የሚውልበት ማክሰኞም በፌዴራል ደረጃ የዕረፍት ቀን አይደለም። በዚህ ሁሉ መካከል ነው መነቃቃት የሚፈተነው።

ሕዝብ የሚጎርፍለት ዕጩ ያሸንፋል ማለት ነው?

አይደለም። የ2024ን ምርጫ እንመልከት። ጆ ባይደን ሐምሌ ወር ውስጥ፣ ምርጫው 107 ቀናት ሲቀሩት ራሳቸውን ከውድድር ሲያገሉና ምክትላቸው ካማላ ሃሪስ ሲተኳቸው፣ የሃሪስ ዘመቻ በ24 ሰዓት ውስጥ 81 ሚሊዮን ዶላር መሰብሰቡን አስታወቀ። አዳራሾች ሞሉ፤ በጎ ፈቃደኞች በአስር ሺዎች ተመዘገቡ። ኅዳር 5 ቀን ግን ሃሪስ ብርቱ ፉክክር የነበረባቸውን ሰባቱንም ክፍለ ግዛቶች አጡ፤ ውጤቱም ለዶናልድ ትራምፕ 312፣ ለሃሪስ 226 የወካይ መራጮች ድምፅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በሰፊው የተሰማው ማብራሪያ «የዴሞክራቶች ደጋፊ ቤቱ ቀረ» የሚል ነው። በአገር አቀፍ ድምር ሲታይ እውነት ይመስላል፤ ባይደን በ2020 ከ81 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ሲያገኙ ሃሪስ ያገኙት 75 ሚሊዮን ገደማ ነው። ነገር ግን ያ ድምፅ የጎደለው የት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ ብቻ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ጎድሏል፤ በኒው ዮርክም ከ600 ሺህ በላይ። ሁለቱም ቢሆኑ ለዴሞክራቱ ዕጩ ከመሄድ ያልተመለሱ ክፍለ ግዛቶች ናቸው። በአንጻሩ በጆርጂያ ባይደን 2.47 ሚሊዮን ገደማ አግኝተው አሸንፈው ነበር፤ ሃሪስ ደግሞ 2.55 ሚሊዮን ገደማ አግኝተው ተሸነፉ። በዊስኮንሲንም ከባይደን የበለጠ ድምፅ አግኝተው ነው የተሸነፉት። ማለትም ዘመቻው በተካሄደባቸውና ገንዘቡ በፈሰሰባቸው በእነዚህ ቦታዎች የእርሳቸው ደጋፊ ወጥቶ ነበር፤ የትራምፕ ደጋፊ ግን የበለጠ ወጣ። መነቃቃት ብቻውን ትርጉም የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ ከሌላኛው ወገን መነቃቃት ጋር መመዘን ይኖርበታል።

ቦታው ይህን ያህል የሚወስነው በኤሌክቶራል ኮሌጅ ሥርዓት ምክንያት ነው። ፕሬዚዳንቱን በይፋ የሚመርጡት ለየክፍለ ግዛቱ የተመደቡ ወካይ መራጮች ናቸው፤ ከ538ቱ 270 ያገኘ ያሸንፋል፤ ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በሁሉም ክፍለ ግዛቶች በአንድ ድምፅ የበለጠ ዕጩ የክፍለ ግዛቱን ወካዮች በሙሉ ይወስዳል። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በአገር አቀፍ ድምር ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ ቢበልጡም፣ በሚሺጋን፣ በዊስኮንሲንና በፔንሲልቬኒያ በድምሩ 80 ሺህ በማይሞላ ልዩነት ምርጫውን አጡ። በ2020 ደግሞ ባይደን ከ7 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ቢበልጡም፣ ጆርጂያን፣ አሪዞናንና ዊስኮንሲንን ያሸነፉበት ልዩነት ሦስቱ ተደምረው 43 ሺህ አይሞሉም። በሎስ አንጀለስ የሚሰለፍ ሌላ አንድ ሚሊዮን መራጭ ይህን ሒሳብ ቅንጣት ታህል አይለውጠውም።

ድምፅ ሰጪው ሲበዛ ዴሞክራቶች ይጠቀማሉ የሚባለው እውነት ነው?

ለብዙ ዓመታት የሁለቱም ፓርቲዎች ባለሙያዎች እንደ ሕግ ይዘውት የኖሩት እምነት ነው። ወጣቶች፣ ድሆችና አናሳ ወገኖች ብዙ ጊዜ አይመርጡም፣ ከመረጡ ደግሞ ዴሞክራት ይመርጣሉ የሚል ስሌት ነበር። የ2020 ምርጫ ይህን ስሌት አናጋው፤ ተሳትፎው ጣሪያ በነካበት በዚያ ዓመት ትራምፕ ቢሸነፉም በ2016 ካገኙት 11 ሚሊዮን ያህል የሚበልጥ ድምፅ አግኝተዋል። ከ2024 ምርጫ በኋላ ፒው የምርምር ማዕከል ባደረገው ጥናትም፣ ያልመረጡት ዜጎች ቢመርጡ ኖሮ ድምፃቸው ለሁለቱ ዕጩዎች ተቀራራቢ ሆኖ ይከፈል እንደነበር፣ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ትራምፕ ያጋድል እንደነበር ታይቷል።

ለውጡ የመጣው የፓርቲዎቹ ደጋፊዎች ስለተቀያየሩ ነው። በየምርጫው ሳይታክት ድምፅ የሚሰጠው፣ የኮሌጅ ትምህርት ያለው መራጭ ካለፉት አስር ዓመታት ወዲህ ወደ ዴሞክራቶች ተጠግቷል፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመርጠው ደግሞ ወደ ትራምፕ። ስለዚህ ጥቂት ሰው በሚወጣበት የምክር ቤትና የማሟያ ምርጫ ዴሞክራቶች የሚቀናቸው፣ ብዙ ሰው በሚወጣበት የፕሬዚዳንት ምርጫ የሚቸገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ የፓርቲ ሰዎች ዛሬም ስለ ተሳትፎ የሚናገሩት በአሮጌው እምነት ነው፤ ልማድ ከቁጥር ይልቅ ቶሎ አይሞትም።

ሰው ዕጩውን ሳይወድ ተነሳስቶ ሊመርጥ ይችላል?

ይችላል፤ እንዲያውም በቅርብ ዓመታት ዋናው ኃይል ይህ ነው። በ2020 በተሰበሰቡ የሕዝብ አስተያየቶች፣ ከባይደን ደጋፊዎች ብዙዎቹ የሚመርጧቸው በዋናነት ትራምፕን ለማስወጣት መሆኑን ሲናገሩ፣ የትራምፕ ደጋፊዎች ደግሞ ለሰውየው ካላቸው ፍቅር እንደሚመርጡ ይገልጹ ነበር። በየሰልፉ የሚታየው ሙቀት በአንድ ወገን ሆኖ ሳለ ያሸነፈው ሌላኛው ነው። ችግሩ ጥላቻ ስንቅነቱ ለአንድ ጉዞ መሆኑ ነው። የተጠላው ሰው ከሥልጣን ሲወርድ ያሰባሰበው ጉዳይ አብሮ ይሄዳል፤ የተመረጠው ሰው ከአራት ዓመት በኋላ በራሱ ሥራ ተመዝኖ ይቀርባል።

የፓርቲ ክፍፍል ዕጩውን የሚጎዳው በምን መንገድ ነው? ያኮረፉት ለተቃዋሚው ድምፅ ይሰጣሉ?

ጥቂቶቹ ይሰጣሉ፤ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ግን በሌላ በኩል ነው። በፓርቲው ያኮረፈ መራጭ ለተቃዋሚው ሊሰጥ፣ ለሦስተኛ ዕጩ ሊሰጥ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ወስዶ የፕሬዚዳንቱን ቦታ ባዶ ሊተው ወይም ጭራሹን ከቤቱ ላይወጣ ይችላል። የመጀመሪያው ለዕጩው እጥፍ ጉዳት ነው፤ ከእርሱ አንድ ተቀንሶ ለባላንጣው አንድ ይጨመራልና። የቀሩት ሦስቱ የዚያ ግማሽ ያህል ይጎዳሉ፤ ነገር ግን ለኅሊና ይቀላሉ። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ፓርቲ ድምፅ የሰጠ ሰው ለሌላው መስጠት ክህደት ሊመስለው ይችላል፤ ዝም ማለት ግን ክህደት አይመስለውም።

የሚሺጋን የ2016 ውጤት ለዚህ ማስረጃ ነው። ትራምፕ ክሊንተንን የበለጡት በ10,704 ድምፅ ነበር። በዚያው ክፍለ ግዛት በዚያው ቀን ከ75 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደው፣ ተሰልፈው፣ ለሌሎች ሹመቶች ድምፅ ሰጥተው የፕሬዚዳንቱን ቦታ ባዶ ትተውታል። ሊበርታሪያንና ግሪን ለተባሉት ሁለት ትናንሽ ፓርቲዎች ዕጩዎችም ከ220 ሺህ በላይ ድምፅ ተሰጥቷል። እነዚህ ሁሉ ያኮረፉ ዴሞክራቶች አልነበሩም፤ ትራምፕን ያልወደዱ ሪፐብሊካኖችም በመካከላቸው ነበሩ። ሆኖም ልዩነቱ አስር ሺህ ብቻ በሆነበት ቦታ የአንዲት ትንሽ ከተማ ኩርፊያ ይበቃል።

በዚያው ዓመት የጥቁር አሜሪካውያን ተሳትፎ በ2012 ከነበረበት 66.6 በመቶ ወደ 59.6 በመቶ መውረዱን የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው መረጃ ያሳያል። ይህን በሙሉ በፓርቲው ውስጥ ጠብ ማሳበብ ትክክል አይሆንም፤ ባራክ ኦባማ ዕጩ በነበሩበት ጊዜ የነበረው መነቃቃት ራሱ የተለየ ነበርና። የክፍፍልና የመቀዝቀዝ ውጤቶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ተደራርበው ስለሚመጡ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው።

የ1912 እና የ1860 ምርጫዎች ሁልጊዜ የሚጠቀሱት ለምንድን ነው?

በ1912 የሪፐብሊካን ፓርቲ ለሁለት ተሰነጠቀ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቲዮዶር ሩዝቬልት እርሳቸውን በተኩት በዊልያም ታፍት ላይ ተነሱ፤ ፓርቲው ዕጩውን በሚሰይምበት የቺካጎ ጉባኤ ሲሸነፉ ተከታዮቻቸውን ይዘው ወጥተው ፕሮግረሲቭ ፓርቲን መሠረቱ። በምርጫው ሩዝቬልት 27 በመቶ፣ ታፍት 23 በመቶ አገኙ፤ ተደምሮ ከግማሽ በላይ ነው። አሸናፊው ግን 42 በመቶ የማይሞላ ድምፅ ያገኙት ዴሞክራቱ ውድሮው ዊልሰን ነበሩ፤ ከ531 ወካይ መራጮች 435ቱን ወሰዱ። በሥልጣን ላይ የነበሩት ታፍት ያገኙት 8 ብቻ ነው። ክፍፍል ምርጫን እንዴት እንደሚገድል ከዚህ የጠራ ምሳሌ በአሜሪካ ታሪክ የለም።

የ1860ው ምርጫ ግን በተሳሳተ መንገድ ይጠቀሳል። ዴሞክራቶች በባርነት ጉዳይ ሰሜንና ደቡብ ተብለው ሁለት ዕጩ አቀረቡ፤ አብርሃም ሊንከን ከመቶ 40 በማይሞላ ድምፅ አሸነፉ፤ ስለዚህ ክፍፍሉ ሊንከንን አነገሠ ይባላል። ሒሳቡ ሲሠራ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሊንከን ባሸነፉባቸው አብዛኞቹ የሰሜን ክፍለ ግዛቶች ከግማሽ በላይ ድምፅ ስላገኙ፣ የተቃዋሚዎቻቸው ድምፅ በሙሉ ለአንድ ሰው ቢደመር እንኳ የወካይ መራጮችን አብላጫ ባላጡ ነበር። የዴሞክራቶቹ መሰንጠቅ ለሽንፈታቸው ምክንያት ከመሆን ይልቅ አገሪቱ ራሷ መሰንጠቋን የሚያሳይ ምልክት ነበር።

ብርቱ የውስጥ ፉክክር ሁልጊዜ ፓርቲን ያዳክማል?

አያዳክምም፤ የሚወስነው ጠቡ ምን ያህል እንደከረረ ሳይሆን ለእርቅ ጊዜና አስታራቂ መኖሩ ነው። በ2008 ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ እልህ በተሞላበት ሁኔታ ተፎካከሩ፤ ብዙ የክሊንተን ደጋፊዎች ኦባማን በጭራሽ አንመርጥም ይሉ ነበር። ይሁንና ክሊንተን ከተሸነፉ በኋላ ከኦባማ ጋር በአንድ መድረክ ቆሙ፤ በነሐሴው የዴንቨር ጉባኤም የድምፅ ቆጠራው ተቋርጦ ኦባማ በሙሉ ድምፅ እንዲሰየሙ ሐሳብ ያቀረቡት ራሳቸው ነበሩ። በመስከረም የባንኮች ቀውስ ሲፈነዳ የቀረውን ኩርፊያ አስረሳ። ኦባማ 365 ወካይ መራጮችን አገኙ። ረጅሙ ፉክክር እንዲያውም ፓርቲው በየክፍለ ግዛቱ አዲስ መራጭ እንዲመዘግብና መዋቅር እንዲዘረጋ አስገድዶት ነበር።

በ2016 በርኒ ሳንደርስም ለክሊንተን ድጋፋቸውን ሰጥተዋል፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ። ነገር ግን ከአስር ቀን በኋላ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ የኢሜይል መልእክቶች ይፋ ወጡ፤ የኮሚቴው ባለሥልጣናት ወደ ክሊንተን ያደላ አመለካከት እንደነበራቸው ስላሳዩ የኮሚቴው ሊቀመንበር በጉባኤው ዋዜማ ሥራቸውን ለቀቁ። መሪው ቢታረቅም ተከታዩ ፍርዱ አድልዎ ነበረበት ብሎ ካመነ እርቁ ላይ ላዩን ይቀራል።

የጊዜን ወሳኝነት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው 1968 ነው። በቬትናም ጦርነት ምክንያት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን መጋቢት 31 ቀን እንደማይወዳደሩ አስታወቁ፤ ሮበርት ኬኔዲ በሰኔ ተገደሉ፤ በአንድም ቅድመ ምርጫ ያልተወዳደሩት ምክትል ፕሬዚዳንት ሁበርት ሃምፍሪ በቺካጎው ጉባኤ ዕጩ ሆኑ፤ በውጭ ፖሊስ ተቃዋሚዎችን ሲደበድብ አገሩ በቴሌቪዥን አየ። ሃምፍሪ መስከረምን የጀመሩት ከሪቻርድ ኒክሰን ርቀው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። በመስከረም መጨረሻ ከጆንሰን የጦርነት አቋም በጥቂቱ መራቅ ሲጀምሩ ያኮረፉት ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ የፀረ ጦርነቱ ወገን መሪ ዩጂን ማካርቲ ግን ድጋፋቸውን የገለጹት ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ያውም በቀዘቀዘ አንደበት ነበር። ኒክሰን ከመቶ አንድ በማይሞላ ልዩነት አሸነፉ። ዘመቻው ሁለት ሳምንት ቢረዝም ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብለው የሚከራከሩ ብዙዎች ናቸው፤ ክርክሩ ከንቱ አይመስልም። ዛሬ የምናውቀው፣ ዕጩን በሕዝብ ድምፅ የሚለይ የቅድመ ምርጫ ሥርዓት የተስፋፋው ከዚያ ጉባኤ ውርደት በኋላ ፓርቲው ባቋቋመው የማሻሻያ ኮሚሽን ምክንያት ነው።

በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ከራሱ ፓርቲ ሲፈተን ይሸነፋል የሚባለውስ?

ታሪኩ ይህን የሚደግፍ ይመስላል። ጄራልድ ፎርድ በ1976 በሮናልድ ሬገን፣ ጂሚ ካርተር በ1980 በቴድ ኬኔዲ፣ ጆርጅ ቡሽ አባትየው በ1992 በፓት ቡካነን ተፈትነዋል፤ ሦስቱም ዕጩነታቸውን ጠብቀው በአጠቃላይ ምርጫው ተሸንፈዋል። ነገር ግን ቡካነን ባይነሱ ኖሮ ቡሽ ያሸንፉ ነበር ማለት አይቻልም። ጠንካራ ፕሬዚዳንትን ማንም አይፈትነውም፤ ፈታኙ የሚነሳው ኢኮኖሚው ሲከፋና ቅሬታ ሲበዛ ነው። ካርተር ከኬኔዲ ይልቅ በዋጋ ንረትና በኢራን በታገቱት አሜሪካውያን ነው የወደቁት።

ተቃራኒ ምሳሌም አለ። በ1948 ከሃሪ ትሩማን ፓርቲ ሁለት ክንፎች ወጡ፤ የደቡብ የዘር መድልዎ ደጋፊዎች በስትሮም ተርመንድ፣ ግራ ዘመሞቹ በሄንሪ ዋላስ ተመርተው። ሁሉም ትሩማን ተሸንፈዋል ብሎ ነበር፤ እርሳቸው ግን 303 ወካይ መራጮችን ይዘው አሸነፉ። የወጡት ክንፎች ይዘው የሄዱት ለመራጩ የሚከብዱትን ሰዎች ስለነበር፣ ፓርቲው በመካከል ላለው ሕዝብ ይበልጥ ተቀባይ ሆነ የሚለው ትንታኔ አሳማኝ ነው።

ሦስተኛ ዕጩ ድምፅ «ይሰርቃል»?

አንዳንድ ጊዜ። በ2000 ጆርጅ ቡሽ ልጅየው ፍሎሪዳን፣ በእርሷም ፕሬዚዳንትነቱን ያገኙት በ537 ድምፅ ልዩነት ሲሆን፣ የግሪን ፓርቲው ራልፍ ኔደር በዚያ ያገኙት ድምፅ ከ97 ሺህ በላይ ነበር። ከእነዚህ ጥቂቱ እንኳ ለአል ጎር ቢሄድ ውጤቱ ይለወጥ ነበር። በ1992 ግን ሮስ ፔሮ ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ ቢያገኙም፣ መራጮች ከድምፅ መስጫ ጣቢያ ሲወጡ በተደረገላቸው መጠይቅ የፔሮ ደጋፊዎች ሁለተኛ ምርጫ ለሁለቱ እኩል የተከፈለ ነበር። ፔሮ ሁለቱንም ቢጎዱም አሸናፊውን አልቀየሩም።

በ2024 ቅድመ ምርጫ የታየው ተቃውሞ በውጤቱ ላይ ምን አመጣ?

በዚያ ዓመት ሁለቱም ፓርቲዎች ያኮረፈ ነበራቸው። በየካቲት በተካሄደው የሚሺጋን የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ከ100 ሺህ በላይ መራጮች የጋዛን ጦርነት በመቃወም ለማንም ዕጩ አልወሰንኩም የሚለውን ቦታ መርጠዋል። በሪፐብሊካኖቹ በኩል ደግሞ ኒኪ ሄሌይ በመጋቢት መጀመሪያ ከውድድር ከወጡ በኋላ እንኳ በሚያዝያው የፔንሲልቬኒያ ቅድመ ምርጫ ከ150 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተዋል።

በኅዳር የሁለቱ ዕጣ ተለያየ። ሄሌይ በሪፐብሊካኖቹ የሚልዋኪ ጉባኤ ተገኝተው ለትራምፕ ድጋፍ ሰጡ፤ አብዛኛው ሪፐብሊካንም ወደ ፓርቲው ተመለሰ። የሚሺጋኑ ተቃውሞ ግን በዕጩ መቀየር አልበረደም። የዓረብ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በብዛት በሚኖሩባት በዲርቦርን ከተማ ትራምፕ አንደኛ ወጡ፤ ሃሪስ ሁለተኛ ሲሆኑ የግሪን ፓርቲዋ ዕጩም ከፍተኛ ድምፅ አገኙ። ትራምፕ ክፍለ ግዛቱን የበለጡት በ80 ሺህ ገደማ በመሆኑ የዲርቦርን ድምፅ ብቻውን አልወሰነውም፤ ነገር ግን አንድ ተጨባጭ ጥያቄ ይዞ ያኮረፈ ሕዝብ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ዕጩን በመቀየር ብቻ እንደማይመለስ አሳይቷል።

ከአሜሪካ ውጭስ ነገሩ ተመሳሳይ ነው?

ደንቡ ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል። ጎረቤታችን ኬንያ በ1992 ወደ መድብለ ፓርቲ ስትመለስ ተቃዋሚው ተከፋፍሎ ቀረበ፤ ዳንኤል አራፕ ሞይ 36 በመቶ ገደማ ብቻ አግኝተው አሸነፉ፤ የኬኔት ማቲባ፣ የምዋይ ኪባኪና የጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ድምፅ ሲደመር ግን ከ60 በመቶ ያልፍ ነበር። በ2002 ተቃዋሚው በኪባኪ ሥር ሲሰባሰብ 62 በመቶ አገኘ። የ2010 ሕገ መንግሥት አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ፣ እንዲሁም ከ47ቱ ካውንቲዎች ከግማሽ በሚበልጡት በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 25 በመቶ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዛሬ በኬንያ ጥምረት የሚፈጠረው ከምርጫው በፊት ነው። በ2022 ደግሞ ክፍፍሉ በገዢው ወገን ውስጥ ሆነ፤ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የቀድሞ ተቀናቃኛቸውን ራይላ ኦዲንጋን ሲደግፉ ምክትላቸው ዊልያም ሩቶ ለብቻቸው ተወዳድረው 50.49 በመቶ አገኙ። ሁለት ዙር ያላት ፈረንሳይም ከዚህ አላመለጠችም፤ በ2002 የግራው ድምፅ በብዙ ዕጩዎች ተበታትኖ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊዮኔል ጆስፓ ለሁለተኛው ዙር ሳያልፉ ቀሩ።

በኢትዮጵያ ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ በቀጥታ ስለማይመርጥ ይህ ሁሉ አይመለከተንም?

ፕሬዚዳንቱን በሚመለከት እውነት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ያቀርባል፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ። ሆኖም የምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ በአብላጫ ድምፅ ብቻ ስለሚመረጡ፣ ተቀራራቢ ፓርቲዎች በአንድ የምርጫ ክልል ሲፎካከሩ የ1912ቱ ችግር በየምርጫ ክልሉ ይደገማል። በ1997 ዓ.ም. አራት ፓርቲዎች ተጣምረው ቅንጅት ሆነው በቀረቡበት ጊዜ የነበረውን የመራጭ ሰልፍና በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን መውሰዳቸውን ብዙ አንባቢ ያስታውሳል፤ ኋላ ጥምረቱ መበተኑንም።

በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ድምፃችን ለውጥ ያመጣል?

እንደሚኖሩበት ቦታ ይለያያል። በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ የፕሬዚዳንቱ ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ያህል ነው፤ እዚያ ክብደት ያለው ድምፅ የሚሰጠው በቅድመ ምርጫው ነው፤ በሜሪላንድ ደግሞ በዚያ ለመሳተፍ በፓርቲ አባልነት መመዝገብ ያስፈልጋል። በጆርጂያና በኔቫዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አትላንታና ላስ ቬጋስ ብዙ ወገኖቻችን ያሉባቸው ከተሞች ሲሆኑ፣ ጆርጂያ በ2020 የተወሰነችው በ11,779 ድምፅ፣ ኔቫዳ በ2024 በ46 ሺህ ገደማ ነው። በቨርጂኒያ በ2021 የአገረ ገዢ ምርጫ አንዳንድ የኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ማኅበራት፣ የባይደን አስተዳደር በሰሜኑ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀስቅሰዋል፤ ተቃራኒ አቋም የነበራቸው ወገኖችም ነበሩ። ልዩነቱ 63 ሺህ ገደማ ስለነበር ውጤቱን እነርሱ ወሰኑት ማለት ማጋነን ነው፤ ቅስቀሳው ግን ማኅበረሰቡን እንደ አንድ ፓርቲ ንብረት መቁጠር እንደማይገባ አሳይቷል።

ድምፅ መስጠት የሚችለው ዜግነት ያገኘ ብቻ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ወንጀል ሲሆን ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ዜግነቱን ያገኘ ሰው ደግሞ ምዝገባው በራሱ አይመጣለትም። በኔቫዳ በምርጫው ዕለት እንኳ ተመዝግቦ መምረጥ ይቻላል፤ በጆርጂያ ግን ምዝገባው የሚዘጋው ምርጫው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት የሚነሳሳ የአትላንታ ነዋሪ ካልተመዘገበ ለዚያ ዓመት ዘግይቷል።